የሰኞ ምስክር

ሰኞ ጠዋት በየራግቢ ተጫዋቹ ቤት ሳሎን ይጠረጋል። ሶፋ ላይ የተዝረከረከው ልብስ ይነሳል፣ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ልጆች ፊታቸውን ይታጠባሉ። ሦስት ሰዓት ሲል ሊጉ በስክሪን ይመጣል። ሊጉ ሲመጣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዓይን ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ የለም። ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው፤ ባልተጠረገ ቤት አይቀበሉትም።

ወንድይፍራው የጣርማበር ክለብ ፕሮፕ ነው። ፕሮፕ ማለት ስምንት በስምንት ተቆላልፈው በሚገፋፉበት ስክረም ውስጥ ከፊት ቆሞ ጭንቅላቱን በባላጋራው ጭንቅላትና ትከሻ መሃል የሚሰካው ሰውዬ ነው። ይህን ሥራ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። አንገት የለውም። ድሮ ነበረው፤ የሠርጉ ፎቶ ላይ ይታያል።

ሚስቱ ትርንጎ መብራት ኃይል ነው የምትሠራው፤ ሰኞ ሰኞ ግን እስከ አራት ሰዓት ፈቃድ አላት። ነጭ ሹራቧን ለብሳ ከባሏ ጎን ትቀመጣለች። ከስክሪኑ የሚመጣው ድምፅ የዜና አንባቢ ዓይነት የጠራ አማርኛ አለው።

«ጤና ይስጥልኝ። ምስክሯ ዝግጁ ነዎት?»

«ጤና ይስጥልኝ! ደህና ሰነበታችሁ?» ትላለች ትርንጎ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። ድምፁ አይመልስላትም። ሰላምታ መመለስ አልተሠራለትም። እሷ ግን አንድም ሰኞ ሳትጠይቀው ቀርታ አታውቅም።

«ተጫዋቹ ባለፈው ቅዳሜ ከተፈቀደው በላይ ጭንቅላቱን ተመትቷል። ተጫዋቹ ያው ሰው ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እባክዎ አዎ ወይም አይደለም ይበሉ።»

«ኧረ አዎ! ምን ይሆናል ብላችሁ ነው?»

ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል። ወንድይፍራው ለመጪው ቅዳሜ ተፈቀደለት ማለት ነው። ትርንጎ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ሕጉ የወጣው ባሕር ማዶ ነው። ተጫዋቾች የሚነክሱት የጥርስ መከላከያ እያንዳንዱን ምት ይመዘግባል፣ አንጎል ምን ያህል እንደተናጠም ይናገራል። ሰውየው ያው ሰውዬ ይሁን አይሁን ግን አይናገርም። በዚህ የተነሳ ክስ በክስ ላይ ሲደራረብ ኢንሹራንሶቹ ተሰብስበው «ሰውን የሚያውቀው ሰው ነው» አሉና ነገሩን ለቤተሰብ ጣሉት። ምስክሩ «አይደለም» ካለ ተጫዋቹ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በክብርና በሙሉ ጡረታ ይሰናበታል። ይህን ቃል አሰልጣኝም፣ ሐኪምም አይሽረውም። ተጫዋቹ ራሱ «በቃኝ» ቢል አይሰማም። ውሉን የፈረመው የድሮው ሰውዬ ነው፤ የአሁኑ ሰውዬ የሌላ ሰው ውል ማፍረስ አይችልም። የአሁኑ ሌላ ሰው መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በምስክር ነው። እንዲህ ነው የሕግ ሰዎች ሥራ፤ ሲያዩት ልክ ይመስላል።

በሌላው አገር ሚስቶች ሁለት ሦስት ዓመት ታግሠው «አይደለም» ይላሉ፤ ባልም እቤቱ ይቀመጣል። የእኛ ሊግ ከተመሠረተ ወዲህ ግን አንድም «አይደለም» ተሰምቶ አያውቅም። የውጭ ተመራማሪዎች ጉድ አሉ። መጡና የደብረ ብርሃንን ከፍታ ለኩ፣ ብርዱን ለኩ፣ ጤፉን በከረጢት ወስደው መረመሩ። ይሉኝታን የሚለካ መሣሪያ ይዘው ስላልመጡ ምንም ሳያገኙ ተመለሱ። ነገሩ ዘግይቶም ቢሆን የገባው እዚህ ሊጫወት የመጣ አንድ ጆርጂያዊ ፕሮፕ ብቻ ነበር። እሱም የጠባሴ ሰፈር ልጅ አገባ፣ ሦስት ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ሚስቱም በየሰኞው «ደህና ነው» እያለችለት ይኸው እስከ ዛሬ ይጫወታል። ስሙን ሲጠሩት ቀና አይልም እንጂ ጎበዝ ተጫዋች ነው።

ድሮ ይህ አገር በሩጫ ነበር የሚታወቀው። ሩጫ «የሚሮጠው ጫማው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም» ተብሎ ከተተወ ወዲህ ጉልበት ያለው ወጣት ሁሉ ወደ ራግቢ ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝቡ ሜዳ ሲገባ የተጫዋቹን ምት መዳፉ ላይ በሚበራው ስክሪን እያየ ይቆጥራል። የአንዱ ቁጥር ከፍ ሲል ያጨበጭባል። ሕፃናት ሳይቀሩ የሚወዱትን ተጫዋች ቁጥር በቃላቸው ይሉታል። ክፋት የለበትም፤ ጨዋታ ነው።

ወንድይፍራውን ያስፈራው ነገር የጀመረው በፎቶዎች ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ካሉት ፎቶዎች ሥር አንድ ቀን ትንንሽ ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘ። «ወንድይፍራውና ትርንጎ፣ የሠርጋቸው ዕለት»፣ «የወንድይፍራው አባት፣ ነፍሳቸውን ይማር»። ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃት ትርንጎ «ለእንግዳ ነው» አለችው። እንግዳ ግን ብዙም አይመጣባቸውም። ደግሞ ጠዋት ጥርሱን ሲፋቅ መስታወቱ «እንደምን አደሩ፣ አቶ ወንድይፍራው። ሚስትዎ ትርንጎ ትባላለች» ማለት ጀምሯል። ሊጉ ለነባር ተጫዋቾች በነፃ የሚሰጠው አገልግሎት ነው።

ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። ያልቻለው የትምህርት ቤቱን ነው። ዘጠኝ ዓመቷን የያዘች ልጁን ናርዶስን ሊያመጣ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ደወል ተደወለ። አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ ሴት ልጆች እየተንጫጩ ወጡ፤ እሱም አንድ በአንድ አያቸው፣ የእሱ ልጅ የቷ እንደሆነች ጠፋበት። ላብ አጠመቀው። አንደኛዋ መጥታ እጁን እስክትይዘው ድረስ ዝም ብሎ ቆመ። ከያዘችው በኋላ አወቃት። መንገዱን ሙሉ ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ ስታወራለት እሱ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌላ አንድ ከባድ ምት፣ አንድ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ እጄን ብትይዘኝም አላውቃትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የዋንጫው ፍጻሜ ነበር፤ ከጎረቤት አገር ከሚመጣው የኪሱሙ ቡድን ጋር። የኪሱሙ ስክረም ግድግዳ ነው ይባላል።

ማታ ናርዶስ ከተኛች በኋላ ትርንጎን «ልጠይቅሽ» አላት። «እኔ ያው ነኝ?»

«ደህና ነህ።»

«ደህና ነህ ወይ አላልኩሽም። ያው ነኝ ወይ?»

ትርንጎ የያዘችውን አንሶላ ማጠፍ ቀጠለች።

«ሰኞ ሲጠይቁሽ አይደለም በያቸው» አላት። «ናርዶስን ትምህርት ቤቱ በር ላይ መለየት አቃተኝ፣ ትርንጎ። የገዛ ልጄን።»

«ምን? ባሌ አብዷል ብዬ ለባዕድ ላውራ?» አንሶላውን አልጋው ላይ ወረወረችው። «ነገ ከነገ ወዲያ ይቺን ልጅ ማን ያገባታል? አባቷ ተነካ፣ ዘሯ ነው ሲሏት! የቤት ገመና አደባባይ ይወጣል? በዚህ ከተማ ስንት ፕሮፕ አለ፣ የማንኛው ሚስት ነች ያለችው?»

«የማንም።»

«እኮ!» ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለች፤ ድምፅዋም ወረደ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርህ? የድሮው አንተ ክፉ ነበርክ። ወጥ ጨው አነሰው ብለህ ሳህን ትወረውር ነበር። ካኮረፍክ ሳምንት አታናግረኝም። እኔ በአንተ ቆሽቴ አርሯል። አሁን ይኸው ስንት ጊዜ ሆነ፣ ጮኸህብኝ አታውቅም፤ ሻይ ታፈላልኛለህ። እና የቱን ነው መልሱልኝ የምለው? በእኔ አትፍረድ፣ ወንዴ። ደክሞኛል።»

አልፈረደባትም። እውነቷን ነው አለ በልቡ። ሳህን መወርወሩን አላስታወሰም፤ ግን አልተጠራጠራትም።

ሌሊቱን ሲያስብ አደረ። ሕጉ ተጫዋቹን ከአሥር ዓመት በላይ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ምስክር መሆን ይችላል ይላል። ወንድሞቹ ያፍራሉ። አሰልጣኙም ያፍራል፤ ደግሞ ዋንጫውን ይፈልጋል። የንስሐ አባቱ እንኳን «ሁሉም ለበጎ ነው» ብለው ያልፉታል። ሊነጋ ሲል አንድ ሰው ትዝ አለው፤ ደስም አለው። በዚህ ዓለም ላይ ስለ ወንድይፍራው ክፉ ለመናገር ቅንጣት ይሉኝታ የሌለው ሰው አለ። ጥጋቡ!

ጥጋቡና ወንድይፍራው በአንድ ወቅት በአንድ ክለብ ውስጥ ለአንድ ማሊያ የሚፎካከሩ ሁለት ፕሮፖች ነበሩ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጥጋቡ መሬት ወድቆ ሳለ ወንድይፍራው በባለ ብሎን ጫማው እጁን ረገጠው። ሦስት ጣቶቹ ተሰበሩ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ጨምድዶ መያዝ አልቻለም፣ ጨዋታውም በዚያው ቀረ። ወንድይፍራው «ተንሸራትቼ ነው» አለ። ጥጋቡ «ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ነው የረገጠኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ተነጋግረው አያውቁም። እድራቸው አንድ ስለሆነ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፤ አንዱ በዚህ ሲገባ ሌላው በዚያ ይወጣል። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ለሁለቱ ብለው ሁልጊዜ ሁለት በር ያበጃሉ።

ጥጋቡ አሁን የባጃጅ ባትሪ እየለዋወጠ ነው የሚኖረው። ወንድይፍራው ሱቁ ሲገባ ቀና ብሎ አየው። እጁ ውስጥ የነበረውን መፍቻ ጠበቅ አደረገ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ባትሪ።»

«ባጃጅ የለህም።»

«የለኝም» አለ ወንድይፍራው። «ጥጋቡ፣ የሰኞ ምስክር ሁነኝ።»

ጥጋቡ መፍቻውን አስቀመጠ። «ሚስትህስ?»

«ታፍራለች። ወንድሞቼም ያፍራሉ። በዚህ ከተማ ስለ እኔ ክፉ ለመናገር የማያፍረው አንተ ብቻ ነህ።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለ ጥጋቡ፤ ሳያውቀው ደስ ብሎታል። «አሥራ አንድ ዓመት ሳማህ አንድ ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም።»

ወንድይፍራው የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ፎቶዎቹን፣ መስታወቱን፣ የናርዶስን ነገር። ጥጋቡ ጺሙን እያሸ አዳመጠው። ሲጨርስ እጁን ዘረጋለት፤ ጠማሞቹን ጣቶች ፊቱ ላይ አመጣቸው።

«እሺ። መጀመሪያ አንተ መስክር። ይቺን እንዴት አደረግካት?»

«ሆን ብዬ ነው» አለ ወንድይፍራው ወዲያው። «ሠርጌን አላስታውስም፤ እሷን ግን አስታውሳለሁ። ጣቶችህ ሲሰበሩ በጫማዬ ሥር ተሰምቶኛል። ደስም ብሎኛል። ያን ማሊያ ካንተ የበለጠ እፈልገው ነበር።»

ጥጋቡ ባዶ የባትሪ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ፣ አሰልጣኙ፣ የገዛ እናቱ ሳይቀሩ «ተንሸራትቶ ይሆናል እኮ፣ ተወው» ሲሉት ነው የኖረው። አንዳንዴ እሱም ራሱን ይጠራጠር ነበር። እንባው መጣ፤ በክንዱ ጠረገና «ዓይን አውጣ!» አለ። «በል ሰኞ እመጣለሁ። አይደለም እላቸዋለሁ። ደግሞ በደስታ!»

«እስከዚያ ግን እንዳንታረቅ» አለ ወንድይፍራው።

«ማን ነው ካንተ ጋር የሚታረቅ? ውጣ ከሱቄ!» አለ ጥጋቡ። ድምፁ ግን እንደ ድሮው አልጠነከረም።

ክፋቱ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ባላንጣ ቆሞ ሲያወራ አይቶ በሰላም የሚያልፍ ሰው የለም። ከሱቁ ፊት ለፊት ቃሪያ የምትሸጥ ሴት አየቻቸው። ለባጃጅ ነጂ ነገረች። ቀትር ሳይሞላ ወሬው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ምንይችል ጆሮ ደረሰ። ጋሽ ምንይችል እነዚህን ሁለት ሰዎች ሳላስታርቅ አልሞትም ብለው የማሉ፣ ዕድሜያቸውም በዚሁ መሐላ የረዘመ ሽማግሌ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው፣ ጥጋቡን እየጎተቱ የወንድይፍራውን በር አንኳኩ።

«እሰይ!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «እግዚአብሔር ልባችሁን አራራው! ዛሬ ትታረቃላችሁ።»

«ጋሽ ምንይችል» አለ ወንድይፍራው፣ «ማክሰኞ ቢሆንስ?»

«እርቅ ቀጠሮ አለው እንዴ? ሰይጣን እስከ ማክሰኞ ምን ሊሠራ?»

«እኔማ አልታረቅም!» አለ ጥጋቡ። «ይህን ሰውዬ እጠላዋለሁ። ይጻፍልኝ!»

«እኔም እጠላዋለሁ» አለ ወንድይፍራው። አባባሉ ግን ራሱንም አላሳመነው፤ ሰው እንዴት እንደሚጠላ ከጠፋበት ቆይቷል።

ጋሽ ምንይችል ኮፍያቸውን አወለቁና ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ፣ ጉልበታቸው እየተንቀጫቀጨ፣ ጥጋቡ እግር ሥር ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ጥጋቡ «ኧረ አፈር ስሆን! ኧረ ይነሱ!» ብሎ ዘሎ ያዛቸው። ወንድይፍራውም በዚህ በኩል ያዛቸው። ሁለቱ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ተያዩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ፣ ተሳሳሙ፣ ሴቶች እልል አሉ። በግ ታረደ። ትርንጎ ሌላ ጊዜ እንዲያ ሆና አታውቅም፤ የጥጋቡን ሚስት አቅፋ አለቀሰች፣ ጥጋቡንም ደርባ ደራርባ አጎረሰችው። ናርዶስ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ጠማሞቹን ጣቶች እየቆጠረች ስትጫወት ዋለች። ማታ ሲሸኘው ወንድይፍራው ጆሮው ሥር «ነገ እንደተባባልነው?» አለው።

«ኧረ እንደተባባልነው! ምን ነካህ?» አለ ጥጋቡ ከንፈሩን እየጠረገ።

ሰኞ ጥጋቡ ኮት ለብሶ መጣ። ሙዝ ይዟል። ወንድይፍራው ሙዙን ሲያይ ልቡ ስንጥቅ አለ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ድምፁ። «አዲሱ ምስክር ከተጫዋቹ ጋር ያለዎት ዝምድና ምንድን ነው?»

«ወንድሜ ነው» አለ ጥጋቡ።

«ተጫዋቹ ያው ሰው ነው?»

ጥጋቡ አፉን ከፈተ። ትርንጎን አየ፤ እጇን አጣምራ መሬት መሬት ታያለች። ፊቷን የታጠበችውን ናርዶስን አየ። ከትናንቱ በግ የተረፈው ወጥ ሽታ ከጓዳ ይመጣል።

«ደህና ነው… እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እባክዎ አዎ ወይም አይደለም ይበሉ።»

«አዎ።»

ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ ጥጋቡም እስከ ዓመቱ ፍጻሜ የወንድይፍራው ምስክር ሆኖ ተመዘገበ። ጥጋቡ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ምን ላድርግ?» አለ። «ትናንት ቤትህ በልቼ፣ ሚስትህ አጉርሳኝ፣ ዛሬ እዚያው ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ… የበላበትን ወጪት ሰባሪ ልባል? አልወጣ አለኝ ቃሉ! ወንዴ፣ ምታኝ። በእናትህ ምታኝ።»

«ችግር የለም» አለ ወንድይፍራው። ቁጣውን ውስጡ ገብቶ ፈለገው። አልነበረም። ከሁሉ የበለጠ ያስደነገጠው ያ ነው። «ሙዙን አመሰግናለሁ» አለው።

ለፍጻሜው ዕለት አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ናርዶስ ቢጫ ሻርፕ እንድታደርግና ከአሰልጣኙ ወንበር ጀርባ እንድትቀመጥ። «ከሜዳ ሆኜ እንድለይሽ» አላት። እሷም አደረገች።

ጨዋታው ጥሩ ነበር። የኪሱሙ ስክረም እውነትም ግድግዳ ነው፤ ግን ግድግዳም ይገፋል። ወንድይፍራው ደስ እያለው ተጫወተ። ይህን መካድ አይቻልም፤ ይህን ሥራ ይወደው ነበር፤ የሣሩን ሽታ፣ ከጎኑና ከኋላው የሚገፉትን የሰባት ሰዎች ክብደት፣ ጥርሱን ነክሶ አንድ ስንዝር የሚያገኝባትን ጊዜ። በየመሃሉ ቀና ብሎ ቢጫውን ያያል፤ ናርዶስ፣ ይላል በልቡ፣ የእኔ ናርዶስ። በመጨረሻው ስክረም ላይ ሁለቱ የፊት መስመሮች እንደ አውራ በግ ተጋጩ፤ ስክረሙ ተደረመሰና አሥራ አምስት ሰው ላዩ ላይ ወደቀበት። ሕዝቡ መዳፉ ላይ ቁጥሩን አይቶ ከመቀመጫው ተነስቶ ጮኸ። ኳሷ ወጣች፣ ጣርማበር አገባ፣ ዋንጫው መጣ።

ወንድይፍራው ብድግ አለ። ዳኛው ስንት ጣት ነው ሲለው በትክክል ነገረው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ቢጫ ነገር እየፈለገ እንደሆነ ያውቃል። አገኘውም። ለምን ይፈልገው እንደነበር ግን አላወቀም።

ጋዜጠኛዋ ማይክ ደቅና ድሉን ለማን ታበረክታለህ አለችው። «ለሁላችሁም» አለ ፈገግ ብሎ። «ሁሉም ሰው ጥሩ ሰው ነው።» በዓመቱ እጅግ የተወደደ ንግግር ሆነ፤ የመሥሪያ ቤት አለቆች ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ሰኞ ሳሎኑ ተጠረገ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳና ጺሙ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ኮት የለበሰ ሰውዬ ገባ። ወንድይፍራው ከሶፋው ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«እንኳን ደህና መጡ። አረፍ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ይመችዎታል።»

ሰውየው ቆሞ ቀረ። ትርንጎ ፈጠን ብላ «የቆየ ወዳጅህ እኮ ነው፣ ጥጋቡ» አለች።

«እንዴታ! የቆየ ወዳጄ!» አለ ወንድይፍራው፤ ትራሱን አስተካከለለት። ሰውየው ፊቱ አመድ መስሏል። ታሞ ይሆን ብሎ አዘነለት።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ድምፁ። «ተጫዋቹ ያው ሰው ነው?»

«አንድ ጊዜ» አለ ጥጋቡ ወደ ስክሪኑ እጁን አንስቶ። ከዚያ ወደ ወንድይፍራው ዞረ። «ወንዴ፣ እኔና አንተ ተጣልተን እናውቃለን?»

ወንድይፍራው ሳቀ። «ኧረ በስመ አብ! እኔ በሕይወቴ ከማንም ሰው ጋር ተጣልቼ አላውቅም።»

ጥጋቡ ትርንጎን አያት። ትርንጎ በዓይኗ ለመነችው። «በልጄ» አለች በሹክሹክታ፣ «ተው፣ ጥጋቡ።»

«እባክዎ አዎ ወይም አይደለም ይበሉ።»

«አይደለም» አለ ጥጋቡ።

ስክሪኑ ይህን ቃል በአማርኛ ሰምቶት አያውቅም። «እባክዎ ይድገሙ።»

«አይደለም አልኩ! እሱ አይደለም!» ጥጋቡ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ድምፁ ግቢው ድረስ ተሰማ። «እኔ የማውቀው ወንድይፍራው አሥራ አንድ ዓመት ጠልቶኝ ነው የኖረው! እንደሱ አድርጎ የጠላኝ ሰው በዓለም ላይ የለም። ይኼ ማንንም የማይጠላ ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ሰኞ እሱ ነበር። እሱ ሆኖ እየለመነኝ እኔ አፈርኩ። አፈርኩ!» አለና እንደ ሕፃን ልጅ ጮኾ አለቀሰ።

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ያን ቀለም በዚያ ከተማ ማንም አይቶት አያውቅም። «የተጫዋቹ የጨዋታ ዘመን በክብር ተጠናቋል» አለ ድምፁ። «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ትርንጎ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፈነች። እንግዳው ማንንም ሳያይ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ። ወንድይፍራው ግን ሮጦ በሩ ላይ ቆመበት፤ የሚያለቅስ እንግዳ እንዴት ባዶ ሆዱን ይሸኛል?

«በሞቴ! ሳይበሉማ አይሄዱም» አለ። «ትርንጎ፣ ምን ሆነሻል? ለእንግዳው ሳህን አምጪ እንጂ።» ዞር ሲል ጓዳው በር ላይ የቆመች ልጅ አየ። ፊቷን ታጥባለች፤ ታምራለች። «አንቺም ነይ፣ የኔ ቆንጆ። የጎረቤት ልጅ ነሽ? እናትሽ አትቆጣሽም፣ በልተሽ ትሄጃለሽ።»

ናርዶስ እናቷን አየች። ከዚያ እንደ ጨዋ ልጅ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ከገበታው ጥግ ቁጭ አለች።